ለገቢ ቅጽ የለም

ባጃጁ ደከመው፣ መረሬው ያዘና፤
በእግሬ ወረድኩኝ፣ ከወደ ቢቸና።
ሾፌሩ ጆንያዬን፣ ሊያወርድ ጎተተ፤
«ምንድን ነው የያዙት?» ብሎኝ አቃሰተ።
«ድንጋይ ነው» ብመልስ፣ ሳቀብኝ ከልቡ፤
«ጎጃም ድንጋይ አጥቶ፣ ጭነው የሚያስገቡ?»

አጥሩ እሾህ ሽቦ ነው፣ ሰሌዳው የዛገ፤
«ክልክል ነው መርገጡ» ብሎ የደነገገ።
ከውስጡ ግንቡ አለ፣ ትከሻው የጎበጠ፣
ከሰፈሩ ደብር፣ በዕድሜ የበለጠ።
ማን እንደሠራው ግን፣ የሚያውቅ ሰው ጠፋ፤
ኦሪት ነው ይላሉ፣ ወንጌል ሳይስፋፋ፤
በግ የታረደበት፣ መሐሉ ላይ ጠፍጣፋ፣
ቦይ ያለው ድንጋይ አለ።
ቀድሞ ደም ይፍሰስበት፣ ወይ ወይን ይውረድ፣
ርግቧ ግድ የላት፣ ዝናቡን ጠጥታ ስትሄድ።
ከንጣፉ ስንጥቅ፣ ንብ ይመላለሳል፤
የማን መሥዋዕት ይሆን፣ ማር ሆኖ ይቀመሳል?

ዘበኛው ምንይችል፣ ካፖርቱን ለብሶ፣
ትኬት ቆረጠልኝ፣ ጣቱን በምራቅ አርሶ።
ጆንያውን አየና፣ «ፍተሻ ነው» አለኝ፤
ፈታሁት። ዝም አለ። ቀና ብሎ አየኝ።

«ያባቴ ቤት ደፍ ነው፤ ሽባባው ይባላል፤
ቤት ሲሠራ ዱሮ፣ ከዚሁ ወስዶታል።
ያኔ ዘበኛ የለ፣ አጥር የለ፣ ሰሌዳ፤
የፈራረሰ ክምር፣ የጅብ ማደሪያ ሜዳ።»

አርባ ዓመት ረገጥነው፣ ስንወጣ ስንገባ፤
በሠርግ አለፍንበት፣ አለፍንበት በእንባ።
ታሞ የተኛ ለታ፣ አባቴ ጠራና፣
«ያችን ድንጋይ መልሳት፤ የሰው ሀብት ናትና።
የማን እንደሆነች፣ አላውቅም» አለ፤ «ግና
የኛ እንዳልሆነችስ፣ እኔ ዐውቃለሁና።»

ከሞተ ዘጠኝ ዓመት፣ ነገ ነገ እያልኩኝ፣
የሙት ቃል ጓሮ ጥዬ፣ ከተማ ስዞር ኖርኩኝ።
ወንድሜ ስንሻው፣ ቤቱን አፈረሰ፤
በብሎኬት ሠራ፣ ቆርቆሮ አለበሰ።
ደፉ ሥራ ፈትቶ፣ ዶሮ ሰፈረበት፤
ባየሁት ቁጥር ሁሉ፣ ያባቴ ዓይን አለበት።

ምንይችል መዝገቡን ገለጠ፤
ደግሞ ወደ ኋላ ገለጠ።
«ለወጪ ቅጽ አለ» አለኝ፣ «አለ ለተሰረቀ፣
አለ ለተሰበረ፣ አለ ለወደቀ፤
ለገቢ ቅጽ የለም። የሚመልስ ሰው
ይኖራል አላለም፣ መዝገቡን የጻፈው።»

እንዲያም ሆኖ ተነሣ፣ ካፖርቱን አውልቆ፤
ጫፍና ጫፍ ያዝነው፣ ትንፋሻችን አልቆ።
ግንቡን ዞርነው ሁለቴ፣ ክፍተት ስንፈልግ፣
እንደ ወለቀ ጥርስ፣ የተተወ ጥግ።
አገኘነው ደግሞ። ግን ተደፍኗል አምና፤
ሲሚንቶ ሞልተውታል፣ ብለውት ጥገና።
አርባ ዓመት ዘግይቶ፣ ለድግስ ቢመጣ፣
በማን ይቀየማል፣ መቀመጫ ቢያጣ?

ምንይችል ግን ሳቀ። «ና ወዲህ» ብሎኝ፣
ከጥበቃ ቤቱ፣ ጓሮ ወሰደኝ።
በብሳናው ጥላ ሥር፣ ተደርድረው አሉ፣
ስምንት ድንጋዮች፣ ወንድማማች የሚመስሉ።
አንዱ ከል ለብሷል፣ ጥላሸት የጠጣ፤
ጉልቻ ሆኖ ኖሮ፣ ወጥ ሳያጣፍጥ የመጣ።
አንዱ ቢላ ተስሎበት፣ ወገቡ ተበልቷል፤
አንዱን የላም ምላስ፣ በጨው አለስልሶታል።

«ሌሊት ያመጣሉ፣ ስም አይናገሩም፤
ጧት መጥቼ አያለሁ፤ እኔም አልጠይቅም።
አንተ ነህ በጠራራ ፀሐይ፣
ትኬት ቆርጠህ የመጣህ።»

አስቀመጥኩት ደፉን፣ ጉልቻው አጠገብ፤
ቀና ስል እግሬ ተነሣ፣ እኔ ሳላስብ፣
ሊሻገር እንደ ቤቱ። ከወዲያ ግን ቤት የለ፤
አንድ የጤፍ ክምር ነው፣ ርግብ አናቱ ላይ ያለ።

ምንይችል ከኋላዬ፣
«አይረገጥም!» አለ።